ቬንገርን እንወደዋለን፣ «ውጣ» ማለታችንም ልክ ነበር፦ «ሁለት ምላስ» ላለን ወንድማችን ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ስለ ቀድሞው የአርሰናል አሰልጣኝ ስለ አርሰን ቬንገር የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። ጸሐፊው የኛው ሰው ነው፣ የአርሴ (የአርሰናል) ደጋፊ። ብዕሩ ጥሩ ነው። ንዴቱም የምር ነው። ሐሳቡ ግን ከግማሽ በላይ አልተዋጠልኝም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እኛ የአርሰናል ደጋፊዎች ሁለት ምላስ አለን ይላል። ሰውዬውን «ውጣ» ብለን ጮኸን አስወጣነው፤ አሁን ደግሞ የሐውልቱን ፎቶ እየለጠፍን «ፕሮፌሰሩ ናፈቀን» እንላለን። ዋንጫ የጠፋው በስታዲየሙ ዕዳ እንጂ በሱ ጥፋት አልነበረም። ቻምፒየንስ ሊግ የሚያስገባውን አራተኛ መውጣትን ስናሾፍበት ኖረን፣ ዋጋው የገባን ሲቀርብን ነው። የማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊዎች አሰልጣኛቸውን ፈርጉሰንን እንዲህ አላደረጉትም። በኋላ አሰልጣኝ የሆነው አርቴታም የሚያጭደው ቬንገር የዘራውን ነው። ደግሞስ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ የስታዲየም ትኬት ቆርጦ የማያውቅ ሰው ስለ ለንደን ክለብ አሰልጣኝ ምን አገባው?

ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ ኳስን በኛ አቆጣጠር የሚያወራ ሰው ገና አላየሁም።

መጀመሪያ ስለ ስታዲየሙ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከጻፈውም በላይ ልጨምርለት እችላለሁ። ሮማን አብራሞቪች ቼልሲን የገዛው በ2003 ነው። ሌላው ገንዘብ መርጨት ሲጀምር አርሰናል 390 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ የሚፈጅ ግንባታ ውስጥ ገባ። 38 ሺህ ሰው ከሚይዘው ሃይበሪ 60 ሺህ ወደሚይዘው ኤምሬትስ የተዛወርነው በ2006 ነው። ቬንገር ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ ባንኮቹ ገንዘቡን ለማበደር እሱ ለአምስት ዓመት እንዲፈርም ጠይቀው ነበር። እስቲ አስቡት። ባንኩ ያመነው የክለቡን ሒሳብ ብቻ አልነበረም፤ አሰልጣኙንም ጭምር ነበር።

ከዚያ ሽያጩ መጣ። ቪዬራ በ2005 ወደ ጁቬንቱስ። ሄንሪ በ2007 ወደ ባርሴሎና። አዴባዮርና ኮሎ ቱሬ በ2009 ወደ ማንቸስተር ሲቲ፣ የአቡዳቢ ባለሀብቶች ሲቲን በገዙ በዓመቱ። ፋብሪጋስና ናስሪ በአንድ ክረምት፣ በ2011 ወጡ። በቀጣዩ ክረምት ደግሞ ቫን ፔርሲ ተሸጠ። ለማን? ለማንቼ። በ24 ሚሊዮን ፓውንድ። እዚያ በገባ በዓመቱ ዋንጫውን አነሳላቸው። ይሄን የረሳ የአርሴ ደጋፊ ካለ አላውቀውም።

በዚያ ሁሉ መሃል ቡድኑ ከአራቱ አልወጣም። በ2008 ሊጉን እየመራን በርሚንግሃም ሜዳ ላይ የአጥቂያችን የኤድዋርዶ እግር ተሰበረ። ቡድኑም አብሮ የተሰበረ መሰለ። መጨረሻ ላይ በአራት ነጥብ ተበልጠን ሦስተኛ ወጣን። በዚያ ኪስ ይህን መሥራት የሚችል ሌላ አሰልጣኝ በዚያ ዘመን አልነበረም ብል አላፍርም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ።

የማልስማማው ይህንን ሰበብ እስከ 2018 ድረስ ሲጎትተው ነው። ዕዳው አንገት የሚያንቅበት ጊዜ አልፏል። በ2013 ኦዚል በ42.5 ሚሊዮን ፓውንድ መጣ፤ ያኔ ለክለቡ ሪከርድ ነበር። በ2014 ሳንቼዝ ከባርሴሎና ተከተለ። እንዲያውም በ2013 ክረምት ሊቨርፑልን ሱዋሬዝን ሽጡልን ብለን 40 ሚሊዮን ከአንድ ፓውንድ አቅርበን መሳቂያ ሆነናል። ያቺ አንዲት ፓውንድ ዛሬም ትገርመኛለች። ገንዘብ የቸገረው ክለብ ግን እንዲህ ዓይነት ቀልድ አይቀልድም።

ጸሐፊው አንዲት መስመር ያልጻፈበት የውድድር ዘመን አለ፦ 2015/16። እኔ ስለ ቬንገር የማወራው ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ እዚያ ዓመት ላይ ይደርሳል፤ እሱ እንዴት እንደዘለለው አልገባኝም።

ያን ዓመት ቼልሲ 10ኛ ወጣ። ሊቨርፑል 8ኛ። ማንቼ 5ኛ። ሲቲ 4ኛ። ትልልቆቹ ሁሉ እንዲህ በአንድ ዓመት ሲተኙ ሌላ ጊዜ አላየሁም። ዋንጫውን ሌስተር በ81 ነጥብ ወሰደ። እኛ በ71 ነጥብ ሁለተኛ ሆንን። የሚያቃጥለው ደግሞ ይኸውላችሁ፦ ሌስተር በሊጉ የተሸነፈው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፣ ሁለቱን ያሸነፍነው እኛ ነን። ሜዳቸው ላይ 5 ለ 2። ኤምሬትስ ላይ 2 ለ 1፣ ዌልቤክ በጭማሪ ደቂቃ በግንባሩ ባገባት ጎል። ያን ዕለት ዋንጫው የኛ ነው ያላለ የአርሴ ደጋፊ ካለ ይዋሻል።

ታዲያ ምን ሆንን? በ2015 ክረምት ሁሉም ሲገዛ ለዋናው ቡድናችን የመጣው ግብ ጠባቂው ፒተር ቼክ ብቻ ነበር። ከሱ ፊት የሚጫወት አንድም ሰው አልተጨመረም። በኖቬምበር ኮክለንና ካዞርላ ተከታትለው ተጎዱ፤ መሃል ሜዳው ባዶ ሆነ። አጥቂያችን ዢሩ 15 የሊግ ጨዋታ ያለ ጎል ተጓዘ። አጥቂ እንደሚያስፈልገን ዲኤስቲቪ ቤት ሻይ የሚያቀርበው ልጅ ሳይቀር ያውቅ ነበር። ስታዲየሙ አይደለም አጥቂ እንዳይገዛ የከለከለው። ይህ የቬንገር ውሳኔ ነበር። ባለው ተጫዋች ከልክ በላይ ማመን በ1998 ያስከበረው ጠባይ ነው፤ በ2016 ደግሞ ያው ጠባይ ጎዳን።

ወደ አራተኛነቱ ልሂድ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ግማሽ እውነት ይዟል። ከ1996/97 እስከ 2015/16 ድረስ 20 የውድድር ዘመን ተከታታይ ከአራቱ ውስጥ መጨረስ ተራ ነገር አይደለም። እሱ ከሄደ በኋላ ሁለት ጊዜ 8ኛ ወጥተናል። ከ2017 ጀምሮም ቻምፒየንስ ሊግን ስድስት የውድድር ዘመን በቴሌቪዥን የሌላ ሰው ሆነን ተመልክተናል። አራተኛነትን ሲያላግጥ የነበረ ሁሉ ያኔ አፉን ዘጋ። ይሄ ልክ ነው።

ግን እኛ ያማረረን አራተኛ መውጣቱ ነበር? እኔ እስከማስታውሰው የሚያማርረን ከአራተኛነቱ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው። ከ2011 እስከ 2017 ሰባት ዓመት ተከታታይ ከቻምፒየንስ ሊግ በ16ቱ ዙር ተሰናብተናል። ባርሴሎና፣ ሚላን፣ ባየርን፣ ባየርን፣ ሞናኮ፣ ባርሴሎና፣ ባየርን። ሞናኮ እንኳ! በ1988 የፈረንሳይን ሊግ ያስወሰደው የራሱ የድሮ ክለብ ኤምሬትስ መጥቶ 3 ለ 1 አሸነፈው። የመጨረሻው ደግሞ በድምር 10 ለ 2 ነው። ደርሶ መልስ፣ 5 ለ 1 እና 5 ለ 1። የካቲት ሲመጣ ከማንቼ ደጋፊ ጓደኞቻችን ስልክ መደበቅ የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሜዳ ውጭ ከትልልቆቹ ጋር ስንገጥምም ያው ነበር። በ2013/14 ብቻ ሲቲ 6 ለ 3፣ ሊቨርፑል 5 ለ 1፣ ቼልሲ 6 ለ 0 አሸንፈውናል። የቼልሲው የቬንገር 1,000ኛ ጨዋታ ነበር። ክብረ በዓል መሆን የነበረበት ቀን። አንድ ጊዜ ቢሆን «ኳስ ነው፣ ይሆናል» ይባላል። ሦስቱም ጨዋታ ላይ ተከላካዮቹ በአንድ ዓይነት መንገድ ተከፍተው ሲገቡብን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ዓመት በዓመት አንድ ዓይነት ስህተት ነው የሰለቸን። የደረጃው ቁጥር አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ከሱ በኋላ የመጣው ውድቀት ሁሉ ከተተኪው ከኤመሪ ጋር የመጣ አይደለም። ኦዚልና ሳንቼዝ ሁለቱም በ2017 ክረምት ውላቸው አንድ ዓመት ብቻ ቀርቶት ነበር። ሳንቼዝ በጃንዋሪ 2018 ወደ ማንቼ ሲሄድ በለውጥ ያገኘነው ሚኪታሪያንን ነው። ቡድኑ መጠገን የነበረበት ገና ቬንገር እያለ ነው። የቤቱ ጣሪያ ማፍሰስ የጀመረው አከራዩ ከተቀየረ በኋላ ነው ብሎ መከራከር አያስኬድም።

ስለ ፈርጉሰን የተጻፈውን ባጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ታሪኩ ስህተት ነው። ዲሴምበር 1989 ኦልድትራፎርድ ላይ ማንቼ በክሪስታል ፓላስ ሲሸነፍ፣ ሦስት ዓመት ሰበብ በቃን፣ ደህና ሁን የሚል ጨርቅ ተሰቅሎበታል። የሰቀሉት የራሱ ደጋፊዎች ናቸው። ልዩነቱ ፈርጉሰን ከዚያ በኋላ ለሁለት አሥርት ዓመታት ዋንጫ ሰበሰበ፣ በ2013ም ሻምፒዮን ሆኖ ወጣ። የማንቼ ደጋፊ ከኛ የተሻለ ጨዋ ስለሆነ አይደለም። (ጨዋ የማንቼ ደጋፊ የምታውቁ ካላችሁ አስተዋውቁኝ።)

አርቴታንም እንዲሁ። እርግጥ ነው፣ ወደ አርሰናል ያመጣው ቬንገር ነው። በኦገስት 28 ቀን 2011፣ ለእንቁጣጣሽ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ማንቼ 8 ለ 2 ቀጠቀጠን። በሦስተኛው ቀን የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል አርቴታ ከኤቨርተን ተገዛ። በኋላ አምበል ሆነ። ግን በዲሴምበር 2019 አሰልጣኝ ሆኖ የመጣው ሲቲ ውስጥ ከአሰልጣኙ ከጋርዲዮላ ጎን ሦስት ዓመት ተኩል ሠርቶ ነው። ሳሊባ፣ ገብርኤል፣ ኦዴጋርድ፣ ራይስ ከቬንገር በኋላ የመጡ ናቸው። የአርቴታ አርሰናል የሚታወቀው በምንድን ነው? በመከላከሉና በማዕዘን ምቱ። ሁለቱም የቬንገር ቡድን በመጨረሻዎቹ ዓመታት የሚሰቃይባቸው ነገሮች ነበሩ። እንዲያውም አርቴታ ከመምህሩ የተማረው ምን ማድረግ እንደሌለበትም ጭምር ይመስለኛል። ይህም ትምህርት ነው፣ አልናቅኩትም።

አሁን «አዲስ አበባ ተቀምጦ ምን አገባው» ወደሚለው። ይሄኛው ነው ብዕር ያስነሳኝ።

ትኬት የቆረጠ ብቻ ይናገር ከተባለ ጸሐፊውም ዝም ማለት አለበት፤ እሱም የሚጽፈው እዚሁ ሆኖ ነው። ሌላው ደግሞ ክለቡ ራሱ እንዲህ አያስብም። ቬንገር በተሰናበተበት ወር፣ ሜይ 2018፣ አርሰናል እጅጌው ላይ «ሩዋንዳን ይጎብኙ» የሚል ማስታወቂያ ለመለጠፍ ስምምነቱን ይፋ አደረገ። ይህ ማስታወቂያ የተፈለገው ለለንደን ሰው ዓይን ብቻ አይደለም። የአፍሪካ ደጋፊ ሲፈለግ ቤተሰብ፣ ሲናገር ባዕድ ሊሆን አይችልም። ማልያችን ፎርጅድ ቢሆንም ልባችን ኦሪጅናል ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እኛን አርሰናል ያደረገን ማን ሆነና? ያው ቬንገር ነው። በ1999 ናይጄሪያዊው ካኑ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ከ2 ለ 0 ተነስቶ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሦስት አግብቶ ቼልሲን 3 ለ 2 ሲያሸንፍ በዚህ አህጉር ስንት ሰው ደጋፊ እንደሆነ መገመት ነው። ከዚያ ሎረን፣ ኮሎ ቱሬ፣ ኢቦዌ፣ አዴባዮር፣ ሶንግ። በሴፕቴምበር 2002 ሊድስን ሜዳው ላይ 4 ለ 1 ስናሸንፍ ከጀመሩት 11 ተጫዋቾች ዘጠኙ ጥቁሮች ነበሩ። በእንግሊዝ ዋናው ሊግ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር ነው። ቬንገር ይህን ለታሪክ ብሎ አላደረገውም፤ የተሻሉትን አሰለፈ፣ በቃ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ጆርጅ ዊሃ አለ። በ1988 ከካሜሩን ክለብ ወደ ሞናኮ ያመጣው ቬንገር ነው። ዊሃ በ1995 ባሎንዶርን ሲወስድ ምስጋናው ለሱ ነበር። የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ሆኖም አልረሳውም። በኦገስት 2018 ሞንሮቪያ ድረስ ጠርቶ የሀገሩን ከፍተኛ ኒሻን ሸለመው። እንዲህ ዓይነት ሰው የለንደኖቹ ብቻ ነው ብሎ አጥር ማጠር ቬንገርን ራሱን ማሳነስ ነው። ስለዚህ አዎ፣ ያገባናል። ስንወደውም፣ ስንናደድበትም።

የቀረው «ሁለት ምላስ» የሚለው ክስ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። በዲሴምበር 2014 በስቶክ ከተሸነፍን በኋላ ባቡር ጣቢያ ላይ ሰውዬውን እየተከተሉ የሰደቡት ደጋፊዎች አሳፍረውናል። በኖቬምበር 2017 ሐራሬ ላይ ሙጋቤ ይውረድ በሚል ሰልፍ መሃል «ቬንገር ይውጣ» የሚል ወረቀት ታይቶ ዓለም ሳቀ፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን የ68 ዓመት ሰው በየአደባባዩ መቀለጃ ሲሆን ሳቁ ቶሎ ይመራል። ለዚህ ዓይነቱ ነገር ጠበቃ አልቆምም።

ይህ ግን የሁላችንም ታሪክ አይደለም። በማርች 2017 ከዌስትብሮም ጋር ስንጫወት ከሜዳው በላይ ሁለት አውሮፕላን በረረ። አንዱ ውል እንዳይሰጠው የሚል ጽሑፍ ይጎትታል። ሌላው እናምነዋለን፣ እናከብረዋለን ይላል። ሰማዩ ላይ ተከራከሩ፤ ሜዳው ላይ 3 ለ 1 ተሸነፍን። ሁለት ወገን ነበርን። አብዛኛው ሰው ደግሞ ሁለቱንም አውሮፕላን ልቡ ውስጥ ይዞ ነበር። በ2004 በ26 ድልና በ12 አቻ ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሳውን ሰው መውደድና በ2017 ያንኑ ሰው ይብቃህ ማለት የሚጋጩ ነገሮች አይደሉም። የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ዓመታት ነው።

የምንወደው ደግሞ በዋንጫ ብቻ አይደለም። በ1999 በኤፍኤ ካፕ ሼፊልድ ዩናይትድን 2 ለ 1 ስናሸንፍ የማሸነፊያው ጎል ጨዋነት የጎደለው ነበር፤ ተጋጣሚ ለተጎዳ ተጫዋች ብሎ ያወጣውን ኳስ ካኑ ሳይመልስ ቀርቶ ነው ኦቨርማርስ ያገባው። ቬንገር ከጨዋታው በኋላ እንድገመው አለ። ተደገመ። እንደገና 2 ለ 1 አሸነፍን። ዛሬ አሸንፎ ይደገም የሚል አሰልጣኝ ጥሩልኝ።

ሁለት ምላስ የሚፈለግ ከሆነ ወደ ላይ፣ ወደ ባለቤቶቹ ቢሮ ቀና ማለት ይሻላል። በ1996 ማንም የማያውቀውን ሰው ከጃፓን ያስመጣው የክለቡ ምክትል ሊቀመንበር ዴቪድ ዲን ነው። የዝውውሩን ጣጣ የሚጨርስለትም እሱ ነበር። ዲን በኤፕሪል 2007 ከክለቡ ወጣ፤ ቦታው በቅጡ አልተሞላም። በ2011 አሜሪካዊው ባለሀብት ክሮንኬ የክለቡን አብላጫ ድርሻ ያዘ፣ ከዚያ በኋላም ድምፁ አልተሰማም። ለስታዲየሙ ዕዳም፣ ላልተገዛው አጥቂም፣ ለትኬት ዋጋውም ጋዜጠኛ ፊት የሚቆመው ቬንገር ብቻ ሆነ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን ባለቤቶቹን አሳልፎ አልሰጠም። በጁላይ 2023 ከስታዲየሙ ውጭ የነሐስ ሐውልቱን ያቆሙት እነዚያው ናቸው። እኛማ ፎቶውን ነው የለጠፍነው።

ወንድሜ፣ ጽሑፍህ ውስጥ ያላገኘሁት አንድ ቀን አለ። ሜይ 27 ቀን 2017። ዌምብሌይ ላይ የዓመቱን ሻምፒዮን ቼልሲን 2 ለ 1 አሸንፎ ሰባተኛውን ኤፍኤ ካፕ አነሳ። በዚያ ውድድር ታሪክ ይህን ያህል ያነሳ አሰልጣኝ የለም። «ውጣ» ስንል የነበርነው ሰዎች ያን ዕለት እንዲሰናበት ነበር የምንመኘው። ዋንጫው በእጁ፣ ስታዲየሙ ሙሉ። በቀናት ውስጥ ግን የሁለት ዓመት ውል ተፈረመ፣ አንተና መሰሎችህም አጨበጨባችሁ። በዚያ ውል ያገኘው ከቻምፒየንስ ሊግ በታች ያለው የሐሙስ ማታ ዩሮፓ ሊግ፣ በ2018 እስከ መጨረሻው ጨዋታ ድረስ ከሜዳ ውጭ አንድም የሊግ ነጥብ የሌለው ቡድንና ኤምሬትስ ላይ ባዶ ወንበር ነው።